አየር አልባው ብልቃጥ

ከአሮጌ ሬዲዮ ጋር አብሮ የሞተ የሚመስለን ቫክዩም ቲዩብ ቦሌ ውስጥ ዛሬም ቀን ከሌት ይሠራል። እሱን ማምረት ለምን እንዲህ እንደከበደ ማወቅ፣ «እናምርት» ስንል ከየት መጀመር እንዳለብን ያሳየናል።

ንጋት 11 ሰዓት ገደማ የቦሌ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ መግቢያ በሰልፍ ይጨናነቃል። ቀበቶ የሚፈታ አለ፣ ጫማ የሚያወልቅ አለ። ነጠላቸውን ያጣፉ እናት ባሕር ማዶ ላለች ልጃቸው በርበሬና ሽሮ የቋጠሩበትን ሻንጣ ፍተሻው ላይ አስጭነው በዓይናቸው ይከተሉታል። ሻንጣው ከጎማ መጋረጃው ጀርባ ሲገባ፣ ፈታሹ ፊት ባለው ስክሪን ላይ በርበሬው ብርቱካናማ፣ የብረት ድስቱ ሰማያዊ ሆኖ ይታያል። የሁሉም ዓይን ስክሪኑ ላይ ነው። ምስሉን ያስገኘውን ጨረር የሚያመነጨው ዕቃ ግን በማሽኑ ሆድ ውስጥ ዘይት ውስጥ ተነክሮ፣ በእርሳስ ተከልሎ ተቀምጧል። አየሩ ተመጥጦ የታሸገ፣ በአንድ ጫፉ የሚግል ሽቦ፣ በሌላው ጫፉ የብረት ዒላማ የተተከለበት ብልቃጥ ነው። ቫክዩም ቲዩብ የሚባለው ይህ ነው።

ከአውሮፕላን ማረፊያው ወጥተን ወደ መድኃኔዓለም፣ ወደ ገርጂ፣ ወደ ሲኤምሲ ብንሄድም አናጣውም። በየሆስፒታሉና በየምርመራ ማዕከሉ ራጅ ክፍል፣ «ትንፋሽዎን ይያዙ» ሲባል ክሊክ የምትለዋ ቅጽበት የእሱ ሥራ ናት። ሲቲ ስካን በበሽተኛው ዙሪያ የሚያሽከረክረው ትልቁ ዕቃ እሱው ነው። በየአፓርታማው ማይክሮዌቭ ውስጥ የትናንቱን ወጥ የሚያሞቀው ማግኔትሮንም ከዚሁ ቤተሰብ የተወለደ ነው። ማታ ማታ ሙዚቃ በሚሰማባቸው የቦሌ ቤቶች የጊታር ማጉያው ከኋላው ሲታይ ብርቱካናማ ፍም የመሰለ ብርሃን ካለው፣ እሱም ያው ነው። ሞተ ብለን ያለቀስንለት ዕቃ ጎረቤታችን ሆኖ ይኖራል።

ይህ ጽሑፍ የሚከራከረው ለአንድ ሐሳብ ነው። ቫክዩም ቲዩብ ዛሬ ለማምረት የከበደው ሳይንሱ ስለጠፋ አይደለም፤ ሳይንሱ መቶ ዓመት ያለፈው፣ በየመማሪያ መጽሐፉ የተጻፈ ነው። የከበደው የሙያው ሰንሰለት በብዙ ቦታ ስለተበጠሰ ነው። ሰንሰለቱ ባልተበጠሰበት ቦታ ዕቃው ርካሽ ነው፣ በተበጠሰበት ቦታ ግን ገንዘብም ንድፍም ብቻውን አይመልሰውም። ማምረት ለምትመኝ አገር ከዚህ የበለጠ ጠቃሚ ትምህርት ጥቂት ነው።

ከአቃቂ የጀመረ ትውውቅ

ኢትዮጵያ ከቫክዩም ቲዩብ ጋር የተዋወቀችው በሬዲዮ ነው። አቃቂ ላይ የተተከለው ጣቢያ በ1928 ዓ.ም. የጣሊያን ወረራ ሲጀመር የአገሪቱን ድምፅ ወደ ውጭ ያሰማ ነበር። በየካቲት 1955 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የብሥራተ ወንጌል ሬዲዮ ከአዲስ አበባ ወደ አፍሪካና እስያ ያስተላልፍ ነበር፤ በመጋቢት 1969 ዓ.ም. ደርግ ወረሰው። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥንም በጥቅምት 1957 ዓ.ም. ሲጀምር፣ በየቤቱ ያለው ተቀባይ ራሱ ፊቱ ሰፊ፣ ጀርባው ረጅም የሆነ አንድ ትልቅ ቫክዩም ቲዩብ ነበር።

በዕድሜ የገፉ ሬዲዮ ጠጋኞች የዚያን ዘመን ሬዲዮ የሚያስታውሱት በሙቀቱ ነው። ቁልፉ ሲጫን ወዲያው አይናገርም። መጀመሪያ «አምፖሎቹ»፣ ማለትም ቲዩቦቹ፣ ይቀላሉ፣ እንጨት ሳጥኑ ይሞቃል፣ ከዚያ ድምፁ ከሩቅ እንደሚመጣ ሰው ቀስ እያለ ይደርሳል። የተቃጠለውን አምፖል ነቅሎ በሌላ መተካት የሠፈር ሥራ ነበር። ባለ ባትሪው ትራንዚስተር ሬዲዮ ሲመጣ ግን ድምፅ ወደ ገጠር፣ ወደ እረኛው ትከሻ ወረደ፤ አምፖሉም ከሳጥኑ ጋር ወደ ቆጥ ወጣ። በዓለም ላይም የሆነው ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. በ1947 አሜሪካ ውስጥ በቤል ቤተ ሙከራ የተፈለሰፈው ትራንዚስተር በተከታዮቹ ዐሥርት ዓመታት ግዙፎቹን የቲዩብ ፋብሪካዎች አንድ በአንድ አስዘጋ። ሲዘጉ ማንም ብዙ አላዘነም። ከፋብሪካው ጋር ምን አብሮ እንደተዘጋ የታየው ቆይቶ ነው።

ባዶን መሥራት

ነገሩ ሲነገር ቀላል ነው። ድስት ሲፈላ እንፋሎት እንደሚለቅ፣ ብረትም በባዶ ቦታ ውስጥ ሲግል ኤሌክትሮን ይለቃል። በወዲያ በኩል ሌላ ብረት አቁመን ከፍተኛ ቮልቴጅ ብንሰጠው ኤሌክትሮኖቹን ይስባቸዋል፤ ፍሰት ተፈጠረ ማለት ነው። ሁለቱን ያጋጠመው እንግሊዛዊው ፍሌሚንግ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1904። ከሁለት ዓመት በኋላ አሜሪካዊው ደ ፎረስት በመካከላቸው እንደ ወንፊት የሆነ ሦስተኛ ክፍል ጨመረ። በወንፊቱ ላይ የሚደረግ ትንሽ ለውጥ ትልቁን ፍሰት ስለሚያዝዘው ደካማ ድምፅ ጎልቶ ይወጣል። የኤሌክትሮኒክስ ዘመን የተጀመረው ከዚህ ነው።

አሁን ወደ ፋብሪካው እንግባ። የሚግለው ክፍል፣ ካቶዱ፣ ከክብሪት እንጨት የማይወፍር የኒኬል ቱቦ ነው። ላዩ ኖራ በመሰለ ነጭ የባሪየምና የስትሮንቲየም ውህድ ይለበጣል። አንድ ሠራተኛ በባዶ ጣቱ ቢነካው የላቡ ጨው ይመርዘዋል፤ ቲዩቡ ተገጣጥሞ፣ ታሽጎ፣ ተሽጦ ከሄደ በኋላ ካለ ዕድሜው ይሞታል። ኒኬሉም ማንኛውም ኒኬል አይደለም፤ በጣም ጥቂት መጠን ያላቸው ሌሎች ንጥረ ነገሮች በልክ የገቡበት መሆን አለበት። ወንፊቱ ከፀጉር በቀጠነ ሽቦ በሁለት ዘንጎች ዙሪያ ይጠመጠማል፤ በሽቦና በሽቦ መካከል ያለው ርቀት በዓይን የማይታይ ያህል ቢዛነፍ የቲዩቡ ጠባይ ይለወጣል። እነዚህን ክፍሎች በማይካ ሳህኖች መካከል በወረንጦ የሚሰኩት እጆች በዓለም ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ የሴቶች እጆች ነበሩ። ዛሬ በቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ ልብስ የሚሰፉት ወጣቶች የያዙት ዓይነት ፍጥነትና ትዕግሥት ለዚህ ሥራ መነሻው ነው፤ ተጨማሪው የዓመታት ልምምድ ነው።

ከዚያ የመስታወቱ ፈተና ይመጣል። ኤሌክትሪክ ወደ ውስጥ የሚያስገቡት ሽቦዎች በመስታወቱ ውስጥ ማለፍ አለባቸው፣ አየር ግን አብሯቸው ማለፍ የለበትም። ብረትና መስታወት ሲሞቁ እኩል ካልሰፉ፣ ሲቀዘቅዙ እኩል ካልጠበቡ መስታወቱ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ለዚሁ ብቻ የሚሠራ፣ ውስጡ የብረትና የኒኬል ቅይጥ፣ ላዩ መዳብ የሆነ ሽቦ ያስፈልጋል። መስታወቱም የተለየ ነው፤ ለረጅም ዓመታት ጠርሙስና ብርጭቆ ያመረተች አዲስ አበባ መስታወት ማቅለጥ ታውቃለች፣ የቢራ ጠርሙስ መስታወት ግን ለዚህ የተዘጋጀ አይደለም።

መጨረሻ ላይ ባዶው ራሱ ይሠራል። ፓምፑ አየሩን ሲመጥ ቲዩቡ ይጋገራል፤ ውስጡ ያሉት ብረቶች በመስታወቱ በኩል በማግኔታዊ ኃይል እስኪቀሉ ይሞቃሉ። ብረት በሰውነቱ ውስጥ አየር ደብቆ ይይዛልና፣ አሁን ካልተፋው በኋላ ቀስ እያለ ይተፋዋል። ግቡ የውጭው አየር ግፊት አንድ ቢሊዮንኛ ላይ መድረስ ነው። ከታሸገ በኋላ ውስጡ የተቀመጠች ቅንጣት ባሪየም በሙቀት ትተንና በመስታወቱ ላይ ብር የመሰለ ጥላ ትጥላለች። ያ ጥላ ዘበኛ ነው፤ የቀረውንና ወደፊት የሚወጣውን አየር ይበላል። ሬዲዮ ጠጋኞች ምልክቱን ያውቁታል። ብሩ እንደ ወተት ከነጣ አየር ገብቷል፣ ቲዩቡ አብቅቶለታል።

> ባዶው በፋብሪካ ይሠራል፤ ከታሸገም በኋላ ዘበኛ ይቆምለታል።

የራጅ ቱቦ ከዚህም ይከብዳል። ወደ ዒላማው ከሚወረወረው ኃይል ጨረር የሚሆነው ከመቶ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም፤ የቀረው በሙሉ ሙቀት ነው። ዒላማው በአንድ ነጥብ እንዳይቀልጥ ከተንግስተን ቅይጥ የተሠራ ሳህን ሆኖ በደቂቃ እስከ 10,000 ጊዜ ይሽከረከራል። የሚሽከረከረውም ባዶ ውስጥ ነው፤ ተራ ዘይት ወይም ግራሶ ስለሚተን ባዶውን ያበላሸዋል። ስለዚህ ኩሽኔታው በስሱ ብር ወይም እርሳስ ይለሰልሳል። ይህን የሚያመርቱ ኩባንያዎች በዓለም ላይ ጥቂቶች ናቸው፤ ስማቸው በሌላ ድርጅት ማሽን ላይ ሳይጻፍ ቱቦው ግን ከእነሱ የሚመጣበት ጊዜ ብዙ ነው።

ሰንሰለቱ የተበጠሰበትና ያልተበጠሰበት

ለሙዚቃና ለድምፅ የሚሆኑትን ትንንሽ ቲዩቦች በብዛት የሚያመርቱ ፋብሪካዎች ዛሬ በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። አንዱ ስሎቫኪያ ውስጥ በቻድጻ ከተማ ያለው ጄጄ ነው፤ የተቋቋመው የቀድሞዋ ቼኮዝሎቫኪያ ቴስላ የሚባል የኤሌክትሮኒክስ ድርጅት ሲፈርስ፣ ከዚያ የተረፈ መሣሪያና የሰው ሙያ ይዞ ነው። ሌላው በሩሲያ ሳራቶቭ ከተማ ያለው በሶቪየት ዘመን የተሠራ ፋብሪካ ነው። ቻይናም ታመርታለች። አሜሪካ ውስጥ ዌስተርን ኤሌክትሪክ የድሮውን ቲዩብ፣ ንድፉን ይዞ፣ በጆርጂያ ግዛት እንደገና ለማምረት ዓመታት ፈጅቶበታል።

የመጨረሻው ምሳሌ ትልቁን ጥያቄ ይመልሳል። ንድፉ ካለ፣ ገንዘቡ ካለ፣ ገበያውም ካለ ምን ያስቸግራል? የሚያስቸግረው ንድፉ ላይ ያልተጻፈው ነው። ሽቦው ሲጠመጠም ምን ያህል ይወጠር? ነጩ ልባስ በምን ያህል ውፍረት ይረጭ? ምድጃው ላይ የመስታወቱ ቀለም ምን ሲመስል ይነሣ? ይህን የሚያውቁት እጆች ጡረታ ወጥተዋል፤ ብዙዎቹም አልፈዋል። የወንፊት መጠምጠሚያ ማሽኖቹ አብዛኞቹ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ የሠሩ ናቸው፤ ሲሰበሩ መለዋወጫቸውን የሚሠራው ያው ፋብሪካው ራሱ ነው። ልዩውን ኒኬል ያቀልጥ የነበረው ድርጅት ለጥቂት ኪሎ ብሎ ምድጃውን አያነድም። አንዱ ቀለበት ሲወድቅ አጠገቡ ያለውም ይወድቃል።

> ንድፉ በወረቀት ይቀመጣል፤ ሙያው በእጅ።

የዚህ አደጋ በመጋቢት 2014 ዓ.ም. ታይቷል። ሩሲያ የዩክሬን ጦርነት ከተጀመረ በኋላ ወደ ውጭ እንዳይላኩ በከለከለቻቸው ዕቃዎች ዝርዝር ውስጥ ቲዩብ ስለገባ፣ የዓለም የጊታር ማጉያ ሠሪዎች በጥቂት ቀናት ውስጥ ተደናገጡ፣ ዋጋም ናረ። እገዳው ብዙም ሳይቆይ ቢላላም፣ አንድ ሙሉ የሙዚቃ ዓይነት በሁለትና ሦስት ከተሞች ትከሻ ላይ መቆሙ ተገለጠ።

አሁን ማይክሮዌቩን እናስታውስ። ማግኔትሮንም ባዶ ይፈልጋል፣ ልዩ ሽቦ ይፈልጋል፣ ብረትን ከሴራሚክ ጋር አየር ሳያስገቡ ማጣበቅን ይፈልጋል። ችግሩ በሙሉ አንድ ነው። ነገር ግን የማግኔትሮን መስመር አንድም ቀን ቆሞ አያውቅም፤ በሚሊዮን የሚቆጠር ስለሚፈለግ ሠራተኛው ሠራተኛን ሲያስተምር፣ አቅራቢው አቅራቢን ሲጠብቅ እስከ ዛሬ ደርሷል። ስለዚህ ከቦሌ የኤሌክትሮኒክስ ሱቆች ማይክሮዌቭ ምድጃው በተመጣጣኝ ዋጋ ይገዛል። ፊዚክሱ ያው ሆኖ አንዱን ውድና ብርቅ፣ ሌላውን ርካሽና ተራ ያደረገው የሰንሰለቱ አለመበጠስ ነው።

የቦሌ የራሱ ፈተና

የራጅ ቱቦው ቦሌ ሲደርስ ደግሞ የአካባቢው ፈተና ይጠብቀዋል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ናት፤ ብዙ የኤሌክትሪክ መሣሪያ ደረጃዎች ግን የተሰሉት እስከ 2,000 ሜትር ላለ ቦታ ነው። በቀጭን አየር ከፍተኛ ቮልቴጅ ከተለመደው ርቀት በላይ ይዘላል፤ ማቀዝቀዣ ማራገቢያም ያንኑ ያህል እየዞረ ያነሰ ሙቀት ይወስዳል። ቱቦው ራሱ ዘይት ውስጥ ስላለ ይጠበቃል፤ በዙሪያው ያሉት የኃይል ክፍሎችና ማያያዣዎች ግን ከፍታውን ይቀምሱታል። በዚህ ላይ የመብራት መቆራረጥ አለ። ዒላማው በሙሉ ፍጥነት ሲሽከረከር፣ ዘይቱ በሞቀበት ሰዓት መብራት ቢሄድ ማቀዝቀዣው ይቆማል፣ ሙቀቱ ግን ይቀራል።

የባዮሜዲካል ባለሙያዎች ይህን በየቀኑ ያዩታል። ራጅ ማሽን ጠዋት እንደ አሮጌ መኪና ሞተር በዝግታ መሞቅ እንዳለበት፣ ከዝቅተኛ ኃይል ጀምሮ ደረጃ በደረጃ እንደሚወጣ ያውቃሉ፤ ሰልፉ ሲረዝም ግን ይህ የሚታለፍበት ጊዜ እንዳለ ይናገራሉ። መለዋወጫ ገዝቶ መጋዘን ማቆየትም መፍትሔ አይሆንም፤ ለረጅም ጊዜ ያልሠራ ቱቦ ውስጡ አየር ያጠራቅማል፣ በተሰካበት ቀን ብልጭታ ሊፈጥር ይችላል። የአስመጪዎች ጭንቀት ሌላ ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ የቱቦው ዋጋ በብር ሲሰላ ሆስፒታሉን ያስደነግጣል። መጨረሻ ላይ ዋጋውን የሚከፍለው፣ «ማሽኑ ተበላሽቷል፣ ሌላ ቦታ ይነሡ» ተብሎ የተሰበረ እጁን ደግፎ ታክሲ የሚፈልገው በሽተኛ ነው።

ሦስት ተቃውሞዎች

የመጀመሪያው ተቃውሞ ከወጣት የቴክኖሎጂ ባለሙያዎች የሚሰማ ነው፦ ያለፈበትን ዕቃ ለምን እናስታምማለን፣ ቺፑ ሁሉንም ይተካል። በሬዲዮና በቴሌቪዥን ይህ እውነት ሆኗል። በራጅ ግን አይሆንም። በሕክምና ደረጃ የሚያገለግል ራጅ የሚገኘው ኤሌክትሮንን በከፍተኛ ኃይል አፍጥኖ ከብረት ጋር በማጋጨት ነው፤ ለዚያ ደግሞ እንቅፋት የሌለበት መንገድ፣ ማለትም ባዶ ያስፈልጋል። ኤሌክትሮን የሚለቀው ክፍል ቢዘምን፣ ምስሉ ዲጂታል ቢሆን፣ ኮምፒውተሩ ቢራቀቅ፣ መካከል ላይ ያ አየር አልባ ብልቃጥ ይኖራል።

ሁለተኛው ከነጋዴዎች ይመጣል፦ ዓለም ገበያ ናት፣ ሌላው ይሥራው፣ እኛ እንግዛ። አብዛኛውን ጊዜ ትክክል ናቸው፤ ሁሉን ነገር በራሱ የሚሠራ አገር የለም። ነገር ግን መግዛትም ዕውቀት ይጠይቃል። ቱቦው ያለ ዕድሜው የሞተው በፋብሪካ ጉድለት ነው፣ በመብራት ነው ወይስ በአያያዝ? ይህን መለየት የማይችል ገዢ ዋስትናውን መጠየቅ አይችልም፣ የተሻለውን ከመጥፎው አይመርጥም፣ ያገለገለውን እንደ አዲስ ቢሸጡለት አያውቅም። የማምረትን ጠባይ ያላወቀ በመግዛትም ይሸነፋል።

ሦስተኛው ከሁሉ የከበደው ነው፦ መርፌ ከውጭ የምታስገባ አገር ስለ ራጅ ቱቦ ምን ያገባታል? እዚህ ላይ በግልጽ መናገር ይገባል። በቦሌ ለሚ ወይም በቂሊንጦ የቫክዩም ቲዩብ ፋብሪካ ይተከል ማለት ከንቱ ምኞት ነው፤ ይህ ጽሑፍም አይለውም። የሚለው ሌላ ነው። በሚሊኒየም አዳራሽ በተካሄዱ የ«ኢትዮጵያ ታምርት» ኤክስፖዎች ተገጣጥመው የቀረቡ ዕቃዎች ሲታዩ ደስ ይላል፤ መገጣጠም ሥራ ይፈጥራል፣ ሥርዓት ያስተምራል። ነገር ግን የተገጣጠመው ዕቃ ልብ ታሽጎ ከመጣ፣ ገጣጣሚው የሚማረው ብሎን ማጥበቅን ነው። ልቡን የሚያሳየው ጥገና ነው፤ ምክንያቱም ጠጋኙ ዕቃው ለምን እንደሞተ መጠየቅ ግዴታው ነው።

> ገጣጣሚ ዕቃው ሲሠራ ያየዋል፤ ጠጋኝ ለምን እንደሞተ ይጠይቀዋል።

መንገዱ እዚሁ ቦሌ ላይ ተሠርቷል

ይህ መንገድ ለእኛ እንግዳ አይደለም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በታኅሣሥ 1938 ዓ.ም. ከአሜሪካው ቲደብሊውኤ ጋር ውል ገብቶ ሲቋቋም ሞተር ፈትቶ የሚገጥመው የውጭ ሰው ነበር። ማንም «የአውሮፕላን ፋብሪካ እንትከል» ብሎ አልጀመረም። የተጀመረው በፍተሻ፣ በቅባት፣ በመዝገብ፣ አንዱን ብሎን በታዘዘው ልክ በማጥበቅ ነው። ኢትዮጵያዊው መካኒክ ከአሜሪካዊው አጠገብ ቆመ፣ ከዚያ በቦታው ቆመ፣ ከዚያ ሌላውን ኢትዮጵያዊ አስተማረ። መንግሥታት ሲለዋወጡ ይህ የእጅ ለእጅ ቅብብል አልተቋረጠም። ዛሬ የቦሌው የጥገና ማዕከል የሌሎች አፍሪካ አገሮችን አውሮፕላኖች የሚያክመው በዚህ ምክንያት ነው።

ለራጅ ቱቦም ተመሳሳይ ደረጃዎች አሉ። የመጀመሪያው አያያዝ ነው፤ ጠዋት ማሞቅን፣ የኃይል ማረጋጊያን፣ የአጠቃቀም መዝገብን የግዴታ ማድረግ። ሁለተኛው ምርመራ ነው፤ የሞተ ቱቦ የሞተበትን ምክንያት የሚያነብ አንድ ቤተ ሙከራ። ሦስተኛው በሌሎች አገሮች ራሱን የቻለ ሥራ የሆነው ነው። የውጭው የእርሳስ ቤት ሳይጣል፣ የሞተው ብልቃጥ ወጥቶ አዲስ ይገባበታል፤ ዘይቱ ከአየርና ከእርጥበት ጸድቶ ይሞላል፣ ከዚያ ይፈተሻል። ይህ የባዶ ፓምፕን፣ የዘይት ማጥራትን፣ የከፍተኛ ቮልቴጅ ፍተሻን፣ የጨረር መከላከልን በአንድ ጠረጴዛ ላይ ያስተምራል። ከዚያ በኋላ ያለው ደረጃ ለልጆቻችን ይቆይ፤ ግን የሚወጡበት መሰላል ይኖራቸዋል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የጅማ ዩኒቨርሲቲ ባዮሜዲካል መሐንዲሶችን ያስመርቃሉ። በከተማዋ ምሥራቅና ደቡብ ምሥራቅ ዳርቻ ኢንዱስትሪ ፓርኮችና የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ተጎራብተዋል። የጎደለው እነዚህን ከራጅ ክፍሉ በር ጋር የሚያገናኝ ጠረጴዛ ነው።

ጠረጴዛው ላይ መጀመሪያ የሚቀመጠውን ዕቃ ደግሞ መግዛት አያስፈልግም። በየሆስፒታሉ ጀርባ፣ ከተሰበሩ አልጋዎችና ከዛጉ ካቢኔቶች ጋር፣ የሞቱ የራጅ ማሽኖች ተከማችተዋል። ውስጣቸው ቱቦ አለ። ዘይቱ በአግባቡ ተወግዶ፣ መከላከያ ተለብሶ፣ በሚያውቅ ሰው መሪነት ቢከፈት፣ ተማሪዋ በተንግስተኑ ሳህን ላይ ኤሌክትሮን ያረሰውን ሻካራ ቀለበት ታየዋለች፤ የሳሳውን ሽቦ፣ ከዓመታት ትነት የጠቆረውን መስታወት በእጇ ትይዛለች። ለምን ሞተ ብላ ትጠይቃለች። ያንን ቱቦ ቁርጥራጭ ብረት ብለን በኪሎ ከመሸጣችን በፊት ለእሷ እንስጣት።